የጎደሉት ስድስት ምቶች

መጀመሪያ አንድ ወፍራም ምት ሰማሁ። ከዚያ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ሰው በጥፍሩ የብርጭቆ ጠርዝ ሲነካ የሚወጣውን ድምፅ ይመስላል፤ ብቻ ብርጭቆ እንደዚህ ደረት የለውም። ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ መጣና ወፍራሙን አስከትሎ ሄደ፣ ዲን ዶን፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው "አቤት" እንደሚል። መጨረሻ ላይ ቀጭኑ ብቻውን ቀረና ለቀም ለቀም አድርጎ ጥቂት መትቶ ዝም አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ የተዘጋ በር ብቻ ነበር።

ሥራዬ መቆም ነው። ሲያትል ዳውንታውን፣ ውድ የእጅ ሰዓት የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ሴኩሪቲ ነኝ። ሌላውን ሰው ቀኑን ሙሉ መቆም ይሰለቸዋል፤ እኔን አይሰለቸኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዲቪ እስኪደርሰኝ ድረስም ሥራዬ ይኸው ነበር፤ መስኮት አጠገብ ሆኖ የሌለ ነገር ማሰብ። አሁን በዩኒፎርም ሆነ እንጂ አልተለወጠም። የምኖረው ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ዴ ሞይን፣ ምድር ቤት በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። የማናግረው ሰው ስለሌለ ቀን የሰማሁትን ይዤ እገባና ለራሴ አወራዋለሁ። ስለ ሰዓት ግን ከዚያች ጠዋት በፊት አስቤ አላውቅም። ሰዓት የሚታይ ነገር እንጂ የሚሰማ ነገር አይመስለኝም ነበር።

በሩ ተከፈተና እስከዳር ብቅ አለች።

እስከዳር የሱቁ ሰዓት ሠሪ ናት። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር መጥታ እዚሁ ነው ያደገችው። ነጭ ጋዋን ለብሳለች፤ ዓይኗ ላይ የምትሰካትን ትንሽ ማጉሊያ ግንባሯ ላይ ሰቅላታለች። እስከዚያ ቀን ድረስ በመካከላችን ያለፈው ቃል "ሰላም ነው?" "ሰላም" ብቻ ነበር።

"ያፌት፣ አሁን የሆነ ነገር ሰማህ?"

"ሰዓት ነው እንዴ? አዎ።"

"እዚህ ቆመህ? በሩ ተዘግቶ?"

"ይቅርታ። መስማት አልነበረብኝም?"

"ኖ፣ ኖ!" ሳቀች። "እንዴት ነበር? ንገረኝ።"

"ቆንጆ ነው።"

"ቆንጆማ ሁሉም ይላል። ምኑ ነው ቆንጆ?"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አሰብኩበት። "ወፍራሙ ረጋ ብሎ የሚያወራ ትልቅ ሰው ይመስላል። ቀጭኑ ግን... እንጃ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞታል።"

"ጉንፋን!" አለች፤ ደገመችው። ከዚያ አፍንጫዬ ላይ በሩን ዘግታ ገባች።

ከቆይታ በኋላ ሰዓቱ እንደገና መታ። ቀጭኑ ጠርቷል። እስከዳር ጭንቅላቷን ብቻ አወጣች።

"አሁንስ?"

"ድኗል።"

እያየችኝ ቆየች። ወንዶች ሱቃችን ገብተው አንዱን የእጅ ሰዓት ልባቸው ሲወደው እንደዚያ ነው የሚያዩት።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አሳየችኝ። ከውጭ ሲያዩት ምንም የተለየ ነገር የለውም፤ ነጭ ፊት፣ ቀጭን ዘንጎች፣ ያረጀ የቆዳ ማሰሪያ። በጎኑ ላይ ግን የምትንሸራተት ትንሽ ምላስ አለች። እሷን ገፍተው ሲለቋት ውስጥ ያለ ሞላ ይጠነጠንና ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጡ ሁለት መዶሻዎች ሁለት የብረት ሽቦዎችን መምታት ይጀምራሉ። ወፍራሙ ድምፅ ሰዓቱን ይቆጥራል። ጥንዱ፣ ዲን ዶኑ፣ ሩብ ሰዓቶችን። ቀጭኑ የቀሩትን ደቂቃዎች። መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው አልጋው ላይ ሆኖ በጨለማ ሰዓት እንዲያውቅ ተብሎ የተፈለሰፈ ነው። ዛሬ ለማንም አያስፈልግም፤ ለዚያም ይሆናል ዋጋው የቤት ዋጋ የሆነው።

ይሄኛው የሚስስ ኮርቢን ነው። ባሏ ትልልቅ መርከቦችን እየመራ ወደብ የሚያስገባ ሰው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በየንጋቱ የሰዓቱን ምላስ እየገፋች ስትሰማው ኖራ አንድ ቀን ሰዓቱ መሃል ላይ ተንተባትቦ ቆመ። የሱቁ ዋና ሰዓት ሠሪ ሚስተር ሃልቨርሰን እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረው ጡረታ ሊወጣ ነው። ሰዓቱን ለእስከዳር ሰጣትና "ይሄን መልሰሽ ካናገርሽው ወንበሬ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ከውጭ አመጣለሁ" ብሏት እጁን ሊያሳክም ኤቨረት ከተማ፣ ልጁ ጋ ሄደ። ሚስስ ኮርቢንን ይዞ በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ይመጣል።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። በግራዋ በኩል ልቀመጥ ስል ክንዴን ይዛ ወደ ቀኟ ጎተተችኝ።

"እዚህ ና። በዚያ በኩል ሰው የለም።"

"ማለት?"

ሳንድዊቿን አጠፈችና መልሳ ፈታችው። "ጆሮዬ እየተደፈነ ነው፣ ያፌት። ሁለቱም። ግራው ጨርሷል ማለት ይቻላል። ጆሮ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት አለች፣ ኦኬ? መንቀሳቀስ ሲገባት እየደረቀች ትሄዳለች። ከእናቴ ነው የወረስኩት። ቤታችን ብትመጣ ተጣልተን የምንደባደብ ነው የሚመስልህ። 'እማዬ፣ ጨው አቀብይኝ!' 'ምን አልሽ?' 'ጨው!' 'ማን መጣ?'"

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ቶሎ ተወችው።

"ኦፕሬሽን አለው። ግን ሐኪሙ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል አለኝ። ሶ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እይዛለሁ፣ እሰርዛለሁ። ሃልቨርሰን አያውቅም። ማንም አያውቅም። ሰዓቱን እንዲህ ሳደርገው..." እጇን እንደ ሰዓት አድርጋ ከጆሮዋ ፊት ለፊት፣ ጉንጯ አጥንት ላይ ለጠፈችው፤ "በአጥንቴ ይሰማኛል። መቁጠር እችላለሁ። ቆንጆ መሆኑን ግን አላውቅም። ቆንጆው አየር ላይ ነው ያለው።"

አንድ ሰው ምስጢሩን ሲሰጥህ ምን እንደሚደረግ ትምህርት ቤት አያስተምሩም። "እኔ እሰማልሻለሁ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ለዚያ እኮ ነው ምሳ የጋበዝኩህ" አለችና ሳንድዊቿን ግማሽ ሰጠችኝ።

እንዲህ ጀመርን። በዕረፍቴ ወደ ኋላ ክፍል እገባለሁ፤ እሷ ሰዓቱን ከእንጨት ሳጥን ላይ አስቀምጣ ምላሷን ትገፋለች፤ እኔ ከበሩ ጋ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። እሷ ሰዓቱን አይደለም የምታየው፤ ፊቴን ነው። ዓይኔን ስከፍት ሁልጊዜ እዚያው ናት።

"አሁን እንዴት ነው?"

"ሦስተኛው ምት ላይ ትንሽ ቸኮለ።"

ወረንጦዋን ታነሳለች፣ የሆነች የማትታይ ነገር ትነካለች። "አሁንስ?"

"ሊያዛጋ ብሎ ተወው።"

"ያፌት፣ ሲርየስሊ፣ የሚያዛጋ ሰዓት የለም!"

"አለ። እያዛጋ ነው።"

ትስቅና ትሠራዋለች፤ ቀጥሎ አያዛጋም። እኔ ደግሞ በባቡር ስመለስ ድምፁን በአፌ ይዤው እሄዳለሁ፤ ወፍራሙን፣ ጥንዱን፣ ቀጭኑን። የቤቱ ባለቤት ልጅ አንድ ቀን ከደረጃው ላይ "ዋትስ ዛት ሶንግ?" አለችኝ። ዘፈን አይደለም ብላት አታምነኝም ነበር።

ሰኞ ዕለት እስከዳር ሰዓቱን ገጥማ ጨረሰች። "አሁን ፈተና ነው" አለች። "ዘንጎቹን የሆነ ቦታ ላይ አደርጋቸዋለሁ፤ አንተ አታይም። ሰምተህ ስንት እንደመታ ትነግረኛለህ። ትክክል ከሆነ አለቀ።"

ጨፈንኩ። መታ። ወፍራሙ እየተከታተለ ወረደ፤ ጥንዱ አንዴ፤ ቀጭኑ ተከተለ። የሰዓቱን ምት ወደ ሰዓት መለወጥ ለምጄ ስለነበር ኮራ ብዬ ነው የነገርኳት።

"አራት ሰዓት ከሃያ ሦስት።"

ዓይኔን ስከፍት ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አልገባኝም።

"እርግጠኛ ነህ?"

"በደንብ።"

"ቆይ፣ አንዴ ደግሞ።" ዞር ብላ ዘንጎቹን አዟዟረች። ጨፈንኩ፣ ሰማሁ።

"አምስት ሰዓት ከሃምሳ። ትክክል ነው?"

"ኦኬ" አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። "ታንክ ዩ፣ ያፌት። ሂድ፣ ዕረፍትህ አልቋል።"

እኔ ፈተናውን ያለፍን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሩ ግን ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት አንኳኳሁ፤ "ቢዚ ነኝ" አለችኝ ከውስጥ። ሐሙስ ጠዋት ግን አላስቻለኝም። ሳላንኳኳ ገባሁ።

ሰዓቱ የለም። ማለት፣ አለ፤ ግን በትንንሽ የብርጭቆ ክዳኖች ሥር ተበትኖ ነው። ጥርሶቹ፣ ሞላው፣ መዶሻዎቹ፣ ሽቦዎቹ። እስከዳር ዓይኗ ቀልቷል። ማጉሊያዋ የዓይኗ ዙሪያ ላይ ቀለበት አትማለች።

"አላገኘኋቸውም" አለች።

"ምኖቹን?"

"ስድስቱን። የት እንደሚጠፉ አላገኘሁም። ሁሉንም ፈታሁት። አንድም የተበላ ጥርስ የለም። ሰዓት ቆጣሪው ንጹሕ ነው።"

"የትኞቹን ስድስት?"

"የሚጎድሉትን! አሥር ላይ አድርጌው አራት ነው የመታው፣ አሥራ አንድ ላይ አድርጌው አምስት። በየጊዜው ስድስት ምት ይውጣል። አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?"

"አሥርማ መታ" አልኩ።

"ምን?"

"አሥር ጊዜ መታ። ቆጥሬዋለሁ።"

"አራት ሰዓት አልከኝ እኮ!"

"አዎ። አሥር ሲመታ አራት ሰዓት ነው።"

ይሄን ያልኩት ሰማይ ሰማያዊ ነው እንደሚባለው ነው። አፌን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። አባቴ ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልቶ በእኛ ነበር የሚያነበው፤ አጭሩ ዘንግ አሥር ላይ ተቀምጦ እያየን "አራት ሰዓት ሆነ፣ ተነሱ" ይለናል፤ እኛም አራት ሰዓት መሆኑን እናያለን። ማናችንም አሥሩን አይተነው አናውቅም። እዚህ አገር ስልኬን ሳይ፣ ፈረቃዬን ስቀበል በፈረንጁ መቁጠር ለምጃለሁ፤ በጆሮ የሚመጣ ሰዓት ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ጨፍኜ ስሰማው በቀጥታ ቤት ሄደ።

"ኦ ማይ ጋድ" አለች እስከዳር። "በሀበሻ ቆጠርከው።"

"በሀበሻ ቆጠርኩት።"

"የስዊስ ሰዓት! በሀበሻ!"

የያዘችውን መጥረጊያ ጨርቅ ወረወረችብኝ፤ ፊቴ ላይ አረፈ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ አላቆም ብሎ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አጎነበሰች፤ ቆይቶ ሲታየኝ እያለቀሰች ነው። ምን ላድርግ? ጨርቁን መልሼ ሰጠኋት። ፊቷን በሱ ጠረገች፤ ጉንጯ ላይ የዘይት መስመር ቀረ።

"የሚገርምህን ልንገርህ?" አለች። "አንተ ከወጣህ በኋላ እኔም ሞክሬው ነበር። ጉንጬ ላይ አድርጌ። አሥር ቆጠርኩ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ደግሜ ሞከርኩ፣ አሥር። አራቱ እውነት ነው፣ ስድስቱን ጭንቅላቴ ነው የጨመረው አልኩ።" ቀና ብላ አየችኝ። "አንተን አመንኩ፣ ያፌት።"

ሰው "አመንኩህ" ሲለኝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የማስበው።

የነበረን ያ ቀንና የአርብ ጠዋት ብቻ ነው። አለቃዬን አሞኛል ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ከፊት ጠፋሁና ከኋላ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። እስከዳር ስትገጥም ማየት ለኔ አዲስ ነበር። እጇ ከአየር ላይ የሆነ ነገር የሚለቅም ይመስላል። ትንፋሿን የምትውጥበት ጊዜ አለ፤ ያኔ እኔም እውጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቦታው ገባ። ምላሷን ገፋችና ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

"አሥር" አለች። "በፈረንጅ።"

"በፈረንጅ አሥር" አልኩ። ከዚያ ግን አልሳቅኩም።

"ምንድነው?"

"እሱ አይደለም።"

"እሱ አይደለም ማለት?"

"ድምፁ። ሌላ ሰው ነው።"

ሽቦዎቹን ፈትታ ስታስራቸው ነገሩ ተለውጧል። የሽቦው እግር የታሰረበት ብሎን በፀጉር ያህል ሲላላና ሲጠብቅ ድምፁ ይለወጣል፤ መዶሻው በፀጉር ያህል ሲጠጋና ሲርቅም ይለወጣል አለችኝ። ሚስስ ኮርቢን ሰዓቱ ስንት እንደሚመታ ላትቆጥር ትችላለች። ድምፁን ግን ታውቀዋለች። አልጋዋ ላይ ሆና በጨለማ ዓመታት የሰማችው ድምፅ ነው።

"ንገረኝ" አለች እስከዳር፤ ትንሿን ካቻቢቴ አነሳች።

"አፉ ላይ እጅ የተጫነ ይመስላል።"

መዶሻውን ነካችው። "አሁን?"

"እጁ ተነሳ። ግን ጮኸ። እንደ ካሸሯ።"

"የቷ ካሸር?"

"የሱፐርማርኬቷ፣ 'ኔክስት!' የምትለው።"

"ኦኬ፣ ካሸሯን እናባርራት።" ብሎኗን አጠበቀች። "አሁንስ?"

"ሄደች። አሁን ደግሞ... አዝኗል። ቀድሞ አያዝንም ነበር። ቀድሞ ዝም ብሎ የሚያወራ ነበር።"

"ያፌት፣ እለምንሃለሁ፣ ያዘነ ሰዓት እንዴት አድርጌ ነው የማጠብቀው? ወደ ላይ ነው ወደ ታች?"

አላወቅኩም። ቃል አለቀብኝ። ያለኝን ነገር ብቻ ሰጠኋት፤ ባቡር ውስጥ በአፌ ይዤው ስሄድ የነበረውን። አፌን ዘግቼ አዜምኩት፤ ወፍራሙን፣ ቀጭኑን፣ በነበሩበት ከፍታ። መጀመሪያ አልሰማችም፤ ከንፈሬን እያየች "ምን?" አለችኝ። ከዚያ ገባትና ተነስታ መጣች። ሁለት ጣቶቿን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈች።

"ድገመው።"

ደገምኩት። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ናቸው። ዓይኗን ጨፍናለች። ሰዓቱን በሌላ እጇ ጉንጯ ላይ አስመታችው፤ እኔም አብሬው አዜምኩ፤ እሷ በሁለቱ መካከል ቆማ ልዩነቱን እየፈለገች። ሄዳ ብሎኗን ነካች፤ መጣች፤ ጉሮሮዬን ነካች። ሄደች፤ መጣች። ውጭ ዝናቡ ጀምሮ መስኮቱ ደብዝዟል። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልቆጠርኩም፤ እንዲያልቅ አልፈለግኩም ማለት ይሻላል። አንዴ መጥታ ጣቶቿን ስታሳርፍ ጉሮሮዬና ሰዓቱ አንድ ላይ ተንቀጠቀጡ፤ ዓይኗን ከፈተች።

"እሱ ነው?" አለች።

"እሱ ነው።"

ጣቶቿን ወዲያው አላነሳችም።

አርብ ዕለት ሚስተር ሃልቨርሰን እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። ሚስስ ኮርቢን አጭር፣ ሰማያዊ የዝናብ ካፖርት የለበሰች አሮጊት ናት። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ የኋላው ክፍል በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ማንም ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እስከዳር ሰዓቱን በጨርቅ ላይ አድርጋ አቀረበችላት። ሴትዮዋ ፊቱን አላየችውም። በአውራ ጣቷ የሰዓቱን ምላስ ፈልጋ ገፋችና ወደ ደረቷ አስጠግታ ጨፈነች።

መታ። እስከዳር የምታየው ሴትዮዋን አልነበረም፤ እኔን ነው። ፊቴ ላይ እየሰማች ነበር።

ሲያልቅ ሚስስ ኮርቢን ሰዓቱን ከደረቷ አላነሳችውም። ከዚያ ለራሷ ይመስል በዝግታ፣ "ገና ነው፣ ተኚ" አለች።

"ባሌ ሁልጊዜ እንዲህ ይለኝ ነበር" አለች፤ ዓይኗን ከፍታ። "ሰዓቱን ያስመታና፣ እኔ ስነቃ፣ ገና ነው ተኚ ይለኛል። ሰዓቱ ሲሰበር ያንንም መስማት አቁሜ ነበር።" የእስከዳርን እጅ ያዘች። "ልጄ፣ ይሄ እሱ ነው።"

ሚስተር ሃልቨርሰን ጉሮሮውን ጠረገ። "ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ያንቺ ነው" አላት። ራሱን እየነቀነቀ፣ "ይሄን ጆሮ ከየት አመጣሽው?" ሲል ጠየቃት።

እስከዳር ከንፈሩን አየች፤ ምን እንዳለ ገባት። ፈገግ አለች።

ከሥራ አብረን ወጣን። ዌስትሌክ ጣቢያ ባቡር ስንይዝ ሰዉ ገና አልበዛም፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔ በቀኟ። ባቡሩ በዋሻው ውስጥ ሲጮህ እሷ ዘና አለች። "ታውቃለህ፣ ጫጫታ ውስጥ የተሻለ ነው የምሰማው" አለችኝ። "ሰው ሁሉ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርግልኛል። እዚህ አንድም ቃል አያመልጠኝም።" ከዚያ እንደ ልጅ ስለ ወንበሩ አወራችኝ፤ ከፍታውን እንደምታስተካክለው፣ የሃልቨርሰንን አሮጌ መብራት እንደማትጥለው። ለእናቷ ለወይዘሮ ማንአልሞሽ ስትነግራት "ማን መጣ?" እንደምትላት። እየሳቅን ከዋሻው ወጥተን ስታዲየም ጣቢያ ደረስን። ዝናቡ አባርቶ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ነበር።

ሳቋን አቆመችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

"ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ኦፕሬሽኑ። እስካሁን አልሰረዝኩትም።" ወደኔ ዞረች፤ ሙሉ በሙሉ፣ በጉልበቷ ጭምር። "ሃልቨርሰንን ነግሬው ልሂድ ወይስ ልተወው? ብሄድ ያለኝም ሊጠፋ ይችላል። አንተ ምን ትለኛለህ? እውነቱን።"

ያን ሳምንት ሁሉ በውስጤ ስሠራው የነበረ ሕልም ነበር፤ እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ በሩ ጋ፣ ጨፍኜ እየሰማሁ፣ ጣቶቿ ጉሮሮዬ ላይ፤ ዓመታት እንደዚያ ሲያልፉ። ከሱ ውጪ የማውቀው መልስ አልነበረኝም።

"ምን ያስቸኩልሻል?" አልኳት። "ሰርዢው። ሊጠፋ በሚችል ነገር ለምን ትገቢያለሽ? እኔ አለሁልሽ። ሁልጊዜ እሰማልሻለሁ። ማንም ሳያውቅ እኔና አንቺ እንሠራዋለን፤ ጆሮ አያስፈልግሽም፣ እስከዳር።"

አንድም ቃል አላመለጣትም፤ እውነቱን ጠይቃኝ የነገርኳት የራሴን ሕልም መሆኑም አላመለጣትም። አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያ በፍቅር ያየኝ ሰው ትዝ አይለኝም። እጇን ዘረጋችና የዩኒፎርሜን ኮሌታ አስተካከለች፤ የተጠቀለለውን ጫፍ አውጥታ በመዳፏ ደልደል አደረገችው።

ባቡሩ ሶዶ ጣቢያ ቆመ። ሶዶ መጋዘን እንጂ ቤት የለም፤ እሷ የምትወርደው ኦቴሎ ነው፤ እዚያ የሚያወርዳት ጉዳይ አልነበራትም። በሩ ተከፈተ። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተነሳች፣ ወረደች፣ በሩ ተዘጋ።